ልጄን ሳታየው ስለ ልጄ ጻፈች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። ጣና ዳር ባለ አንድ ሎጅ ወጥ ቤት እሠራለሁ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከአባቱ ጋር ፍቺ ላይ ነን፤ ጉዳያችን ከኅዳር ጀምሮ በወረዳ ፍርድ ቤት እየታየ ነው። አባቱን ለመውቀስ አይደለም የተነሣሁት። ልጁን ይወደዋል፣ ልጁም ይወደዋል። ማን ያሳድገው የሚለውን ዳኛው ይወስናሉ። የእኔ አቤቱታ ሌላ ነው።

ችሎቱ "የልጁ አኗኗር በባለሙያ ተጠንቶ ይቅረብ" ብሎ የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተል መሥሪያ ቤት ጻፈ። ደስ አለኝ። ገብተው ይዩን፣ የምንደብቀው የለም አልኩ። ባለሙያዋ የመጣችው በጥር፣ እሮብ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቀድሞ የደወለልኝ የለም። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ ልጄ ትምህርት ቤት። ግቢያችን የጋራ ስለሆነ በሩን የከፈተችላት እትዬ የምንላት ጎረቤቴ ናት። ቡና ላፍላልሽ ብትላት "ቸኩያለሁ" አለቻት። ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ እናቲቱ ስንት ሰዓት ትገባለች ብላ እዚያው በር ላይ ቆማ ጻፈች። ሄደች።

ሪፖርቱን የሰማሁት ችሎት ላይ ሲነበብ ነው። አንድ ገጽ ተኩል። "ልጁ የራሱ መኝታ የለውም" ይላል። አዎ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቱ ሌላ ከማን ጋር ይተኛ? "እናት ልጁን ለጎረቤት ጥላ ትውላለች" ይላል። ይቺ "ጥላ" የምትለው ቃል አንጀቴን በላችው። እትዬ ልጄን ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ ሴት ናት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን አስታጥባ፣ ምሳ አብልታ፣ ደብተሩን የምታስወጣው እሷ ናት። እኔ ጥዬ አይደለም የምወጣው። አደራ ሰጥቼ ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ "ልጁ የተረበሸ ይመስላል" ይላል። ልጄን አላየችውም። ድምፁን አልሰማችም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። "ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ነው፣ እኛ ጣልቃ አንገባም" አሉኝ። ማመልከቻዬን መዝገብ ቤቱ እንኳን አልተቀበለኝም። ዳኛውን እዘዙልኝ አላልኩም እኮ። የእናንተ ሠራተኛ ያላየችውን አየሁ ብላ ጽፋለች፣ ተመለሱና እዩ ነው ያልኩት። ከበላይ ወዳለው ቢሮም ወጣሁ። መልሱ ያው ነው፤ ፍርድ ቤት። ዳኛው ግን አምላክ ይስጣቸው ሰሙኝ። ተጨማሪ ጥናት ይቅረብ ብለው አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀጠሮ ነው። ጥናቱ አልደረሰም፣ ቀጠሮ። ባለሙያዋ ሥልጠና ላይ ናት፣ ቀጠሮ። ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቅምት ማለት ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ሄጄ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አነበቡልኝ። ልጅን በሚመለከት ፍርድ ቤትም ሆነ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት እርምጃ ሲወስድ የልጁ ደህንነት ይቅደም ይላል። መሥሪያ ቤቱም በስም ተጠርቷል እንግዲህ፣ ዳኛው ብቻቸውን አይደሉም። ኢትዮጵያ በ1984 በአዋጅ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አለ። አንቀጽ 12 ላይ፣ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ ስለ እሱ በሚታይ ጉዳይ ይሰማ ይላል። የእኔ ልጅ መናገር ይችላል። ደህና አድርጎ ይናገራል።

ተጨማሪ ጥናት የታዘዘ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ "እሮብ እንመጣለን" ብሎኝ ነበር። ለልጄ ነገርኩት፣ እንዳይደነግጥ ብዬ። እሮብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዩኒፎርሙን አውልቆ የፋሲካ ልብሱን ለበሰ። ፀጉሩን በውኃ አረጠበ። የአማርኛ ደብተሩን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ዘጠኝ ከአሥር ያገኘበትን ገጽ ሊያሳያት ነው። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ብድግ ይላል። ሲመሽ እትዬ እጁን ይዛ አስገባችው። በሚቀጥለው እሮብም ለበሰ። በሦስተኛውም። አራተኛው ላይ "እማ፣ እኔን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚያዩት?" አለኝ። ምን ልበለው?

ኃላፊዎቹ ይህን ካነበቡ የምለምናቸው ትልቅ ነገር አይደለም። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። ልጁን ለብቻው አነጋግሩት። የጻፋችሁትን ለዳኛው ከመላካችሁ በፊት ለእኔም ለአባቱም አንብቡልን፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረም። በሠራተኛችሁ ላይ አቤት የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚል ቃል ሰምታችሁ በር አትዝጉ። ማመልከቻውን ተቀበሉ፣ ቁጥር ስጡት፣ መልሱን በጽሑፍ ስጡት። እኔ ቀጠሮ እየቆጠርኩ እችለዋለሁ። ልጄ ግን ሱሪው አጥሮበታል።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ፤ ጉዳዩ ገና ችሎት ላይ ነው። ሎጁን ለምኜ ፈረቃዬን አስቀይሬአለሁ። እሮብ እሮብ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነኝ።

አንዲት እናት
ከባሕር ዳር