ከሴሬንጌቲ መልስ ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እህቴ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድም መስመር ሳትዘል እንድታነብ፣ ደስ የማይላት ቦታ ስትደርስም «አበቃ» ብላ እንዳታጥፈው ከወዲሁ አደራ እላታለሁ። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ያልሆነልኝ ጉዳይ አለ። ስልክ ስንደዋወል ሁልጊዜ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብለው ይጀምራሉ፤ እኔም ስለ ልጆቹ ሳወራ ሰዓቱ ያልቅና ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ አባቱን በልጦታል። ትንሿ ደግሞ ለክፍሏ ልጆች ስለ ጅብ ንግግር አድርጋ መምህሯ አመስግናታለች፤ የጅብ መንጋ መሪዋ ሴቷ እንደሆነችና ጅብ አጥንት ሰባብሮ መብላት እንደሚችል አስረድታ፣ «ማን ነገረሽ?» ስትባል «አያቴ» ብላለች። እርስዎ ዘንድ ያደርንበትን ምሽት እንዲህ አድርጋ ይዛዋለች።

በዚያው ምሽት አብረውን ወደ ታንዛኒያ እንዲሄዱ ስንለምንዎ «እኔ አንበሳ ለማየት ገንዘብ አልከፍልም» ብለው ነገሩን እንደዘጉት አይረሱትም። ትኬቱን ወንድሜ እንደሚቆርጥ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ኪሊማንጃሮ ያለው በረራም ሦስት ሰዓት እንደማይሞላ ብንነግርዎም አልሰሙንም። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርዎ፤ ከእኛ ይልቅ ነገሩ የሚገባዎ በአዋሽ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ሆነው የኖሩት እርስዎ ነዎት።

ከአሩሻ ተነስተን በመጀመሪያ የደረስነው ንጎሮንጎሮ ነው። ጥንት የነበረ እሳተ ገሞራ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የፈጠረው ጎድጓዳ ሜዳ ሲሆን፣ አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ስለሚበልጥ የጠዋቱ ጉምና ብርድ ሰውነትን ያንዘፈዝፋል። ከአፋፉ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሜዳ ይገኛል፤ ጎሹ፣ የሜዳ አህያው፣ ዝሆኑና አንበሳው እዚያው ተሰብስበው ይኖራሉ። ጥቁር አውራሪስም አየን። አየን የምልዎ የሩቅ መነጽር ተራ በተራ እየተቀባበልን፣ ሣሩ ውስጥ እንደ ድንጋይ የተጋደመ ነገር ነው፤ ከጎናችን በቆመው መኪና ውስጥ የነበሩት እንግዶች ግን «አምስቱንም ጨረስን» ብለው ተጨባበጡ። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ «አምስቱ ታላላቅ» የተባሉት በድሮ አዳኞች ዘንድ በእግር ተከታትሎ ለመግደል እጅግ አስቸጋሪና አደገኛ ስለነበሩ ነው፤ ዛሬ ጠመንጃው በካሜራ ቢተካም ዝርዝሩ አልተለወጠም። «እንግዳ ይቆጥራል እንጂ አያይም» ይሉ የነበረው እውነትዎን ነው። ወደዚያ ሜዳ ለሚወርድ ለአንድ መኪና ብቻ ከ250 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ሰው መግቢያ ደግሞ ለብቻው ነው። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለጥበቃ ሠራተኛው ምን ያህሉ እንደሚደርሰው አስጎብኚያችንን ብጠይቀው ሳቀና መኪናውን አስነሳ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ስንወርድ ጫካው ያልቅና ማለቂያ የሌለው ሜዳ ይከፈታል። ሴሬንጌቲ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ምድር ነው፤ የእርስዎ አዋሽ ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ይገባበታል። በመሀሉ የጅቡቲ የጭነት መኪና አይተላለፍበትም፣ የባቡር ሐዲድም አያቋርጠውም። ዊልደቢስት የሚባሉት፣ ከእኛ ቆርኬ ጋር የሚዛመዱት እንስሳት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ዝናብና ሣር እየተከተሉ በሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። እኛ በደረስንበት በየካቲት ወር በደቡብ በኩል በንዱቱ ዙሪያ ይወልዳሉ። ያንን ቦታ የመረጡበት ምክንያት በአዋሽ ፓርክ ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ሥር ለኖረ ሰው ግልጽ ይመስለኛል፤ ከአካባቢው እሳተ ገሞራዎች የወጣው አመድ አፈሩን ስላበለጸገው ሣሩ አጭር ቢሆንም ለምታጠባ እናት የሚያስፈልገው ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው፤ አጭርነቱ ደግሞ አውሬ ተደብቆ እንዳይጠጋ ያደርጋል። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ላይ ስለሚወልዱ፣ ጅቡና አንበሳው የቻሉትን ያህል ቢበሉ እንኳ ግልገሎቹን ሊጨርሷቸው አይችሉም።

አንዲቷ ከመኪናችን ብዙም ሳትርቅ ወለደች። ግልገሉ ተነሳ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከእናቱ ጎን ይሮጥ ነበር። ትልቁ ልጄ ስልኩን ማንሳት ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። በማግስቱ ግን እናቱ የጠፋችበት ሌላ ግልገል መኪናችንን ተከተለን። ትንሿ «አቁምለት» ብላ አለቀሰች። አስጎብኚው ግን እንዲህ ያሉት ግልገሎች የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እናታቸው እንደሚያደርጉት፣ ብንቆምለት ከመንጋው ይበልጥ እንደሚርቅ ነገራትና ፍጥነቱን ጨመረ። አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ ከኋላችን ነበረ። ልጅቷ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ስለ አንበሳው ብዙ የምለው የለኝም። ሾፌሮቹ በመገናኛ ሬዲዮ ስለሚጠራሩ፣ አንዱ ያየውን ሁሉም ወዲያው ይሰማል፤ በፓርኩ ውስጥ ከመንገድ መውጣት ክልክል ስለሆነም መኪናው ሁሉ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ተደራርቦ ይቆማል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ ሊተኛ ይችላል፤ እነዚህም ተኝተው ነበር። ከፊታችን ባለው መኪና የነበረ አንድ ጎልማሳ እንዲነሱለት የመኪናውን በር በመዳፉ ደበደበ። ሾፌሩ ገሠጸው፤ እኔም በዚያው መንገድ ተሰልፌ መቆሜ አሳፈረኝ። እርስዎ ሌሊት በድምፁ ብቻ ወንዙን ተሻግሮ እንደሆነ ወይም በፏፏቴው በኩል እንዳለ ያውቁ ነበር ብዬ ለባለቤቴ ነገርሁት።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እፈልግ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ማሳዮች ከሴሬንጌቲ እንዲወጡ ሲደረግ፣ ንጎሮንጎሮ ከከብቶቻቸው ጋር የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተለየ፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከዚያም ተነስተው ሩቅ ወዳለው ምሶሜራ እንዲሄዱ እየተደረገ ነው። መንግሥት የሚሄዱት በፈቃዳቸው ነው ይላል፤ ብዙዎቹ ግን ይቃወማሉ። ቀይ ሸማውን ለብሶ ፍየሎቹን በመንገድ ዳር የሚነዳውን ልጅ ሳይ እርስዎ የከረዩ አርብቶ አደሮችን ከብት ከፓርኩ ኢላላ ሳላ ሜዳ ያስወጡ የነበሩበት ዘመን ታሰበኝ። በድርቅ ዓመት ውኃ ፍለጋ የመጣን ከብት መመለስ ምን እንደሚመስል ነግረውን አያውቁም። ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እህቴ ትጽፍልኛለች።

አስጎብኚያችን ዓይኑ የተለየ ነበር። አቧራ ውስጥ እየነዳ ግራር ላይ የተንጠለጠለ የነብር ጅራት ያለ መነጽር ያያል። በመጨረሻው ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ልጆች እንዳሉት ጠየቅሁት። አሩሻ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው። ሴሬንጌቲን አይታ ታውቅ እንደሆነ ስጠይቀው «ገና ናት» አለኝ፤ ለዜጋ መግቢያው ርካሽ እንደሆነ፣ መኪናው ግን የድርጅቱ በመሆኑና እንግዳ በሌለበት ወቅትም መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን እስካሁን እንዳልተመቸው አስረዳኝ። የተናገረው ያለ ምንም ክፋት ነው፤ እኔ ግን ተነስቼ ወደ ድንኳኔ ገባሁ።

አባቴ፣ ያን ጊዜ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ናዝሬት ቤታችን በር ላይ የፓርኩ መኪና ሲቆም፣ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ ያለውን የሜዳ እንስሳ፣ ሳላን፣ ሊያሳዩኝ ቃል ስለገቡልኝ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ለእማዬ የወሩን ገንዘብ ሰጡ፤ ግንባሬን ስመው «እንግዶች አሉብኝ፣ ሌላ ጊዜ» ብለው ገቡ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትዬዎት ነበር፤ ይህን ግን አላዩም። እማዬ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ ቀሚሱን አውልቃ ሳጥን ውስጥ ስትመልሰው አንድም ቃል አልተናገረችም። ሌላ ጊዜ የተባለው ጊዜም አልመጣም። ከየአገሩ ለመጣ እንግዳ ሳላ ሲያሳዩ የኖሩ አባት ለሦስት ልጆቻቸው አላሳዩም። ልወቅስዎ አስቤ አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እየወቀስሁዎ ነው። በዚያችው የስካውት ደመወዝ ሦስታችንንም አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተውናል፤ ለዚህም ውለታዎን እከፍላለሁ ብዬ አልመካም። ሁለቱም እውነት ነው። በታንዛኒያ በዞርንበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አንድም ሳላ አላጋጠመንም፤ እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እርስዎ ዘንድ ባደርንበት ምሽት ስኒውን ለማንሳት ፊትዎን በሙሉ ወደ ረከቦቱ ሲያዞሩ አየሁ። ትንሿ ከጎንዎ ቆማ ስትጠራዎም እጅዎን እስክትነካ ድረስ የት እንዳለች አላወቁም፤ እርስዎ ግን መብራቱ ደከመ አሉ። ከታንዛኒያ ስንመለስ ቦሌ የተቀበለን ወንድሜ ሐኪሙ የነገረውን ሁሉ ነገረኝ። የያዘዎ «ሲበስል ይገፈፋል፣ ያኔ እንደ ድሮዎ ያያሉ» ያልንዎ የዓይን ሞራ አይደለም። ግላኮማ ነው፣ በሁለቱም ዓይንዎ። በዓይን ውስጥ የሚጨምረው ግፊት ነርቩን እየጎዳ፣ ያለ ሕመም፣ ከዳር ጀምሮ እይታን እያጠበበ የሚሄድ በሽታ ነው። እስካሁን የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ጠብታውም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የሚያደርጉት የቀረውን ማቆየት ብቻ ነው።

ወንድሜን አይቆጡት፤ የደበቀዎ ልብዎ እንዳይሰበር ብሎ ነው፤ እህቴም ይህን መስመር ስታነብ ብታለቅስ ይታገሷት። እኔ ግን ዕድሜውን ሁሉ በጫካ የኖረ፣ ሌሊት ብቻውን የጠመንጃ ድምፅ ወደ ሰማበት የሄደ ሰው ስለገዛ ዓይኑ ሌላው እያወቀ እርሱ ሳያውቅ ሊቀር ይገባዋል ብዬ አላምንም።

«ያቃጥላል፣ ለውጥም የለው» ብለው ጠብታውን መተውዎን ሰምቻለሁ። ለውጥ አለመኖሩ ነው እኮ ጥቅሙ፤ ሳይጨምሩ ሲቀሩ ነው ለውጡ የሚመጣው። እህቴ ማታ ማታ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ታድርግልዎ፤ ከጨመረች በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫዎ በኩል ያለውን የዓይንዎን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙ፣ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል። በሽታው በዘር ስለሚሄድ እኔ የዓይኔን ግፊት ተለክቼ ለጊዜው ደህና ነሽ ተብያለሁ፤ እህቴና ወንድሜም ሳይውሉ ሳያድሩ ይለኩ። የመድኃኒቱን ገንዘብ እኔ በየወሩ እልካለሁና ዋጋውን አይጠይቁ።

ክረምቱ ሲገባ እመጣለሁ። ያኔ አዋሽ እንሄዳለን፤ መኪናውን እኔ እከራያለሁ፣ «ሌላ ጊዜ» የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም። ከዚያ በፊት የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ አለ። ወንድሜ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ንጋት ላይ ወለንጭቲ ይደርሳል። ባለፈው «ላሚቱ ልትወልድ ነው» ብለው እንደመለሱት እንዳይመልሱት። ላሚቱን የጎረቤታችን ልጅ እስክትመለሱ ድረስ ሊጠብቃት ተስማምቷል፤ ከእናቱ ጋር ራሴ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። መታወቂያዎንና የሐኪሙን ወረቀት እህቴ በአንድ ፌስታል አድርጋ ከዋዜማው ታዘጋጅ፤ ጋቢዎንም አይርሱ፣ የሐኪም ቤቱ አዳራሽ ይበርዳል።

ልጅዎ