ጣርማበርና ሸዋ ሮቢት በአንድ ሞዴል አይተዳደሩም

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሞባይል ኔትወርክ ውስጥ የሚሠሩ የማሽን ለርኒንግ ሞዴሎች (ካለፈ ዳታ ተምረው የሚወስኑ ፕሮግራሞች) በየአካባቢው ክትትል እንዲደረግባቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ከደብረ ብርሃን ጤና ይስጥልኝ። ስለ ታሪፍ ላማርር አይደለም የምጽፈው። እሱን ሌሎች በደንብ ይዘውታል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጣርማበር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ጉምና ብርድ። ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ወርዷል፤ ጃኬትም ይወልቃል። በዚህ መንገድ ላይ ስልክ ማውራት ፈተና ነው። ገደሉ የቅርቡን ታወር ይጋርደዋል። ማዶ ሸንተረር ላይ የቆመ የሩቅ ታወር ደግሞ ጎልቶ ይመጣል። ስልኩ ወደዚያ ይሻገራል። አንድ መታጠፊያ ሲዞሩ ሸንተረሩ ይሰወርና ጥሪው ይቆረጣል። የየትኛው ድርጅት ሲም እንደሆነ መጥቀሱ ጥቅም የለውም፤ ተራራው ለማንም አያዳላም።

ይህን የመሻገር ውሳኔ፣ ባለሙያዎች ሃንድኦቨር የሚሉትን፣ መሐንዲስ የሚሞላው ቁጥር ሲወስነው ኖሯል። አሁን ዓለም ወደ ማሽን ለርኒንግ እየዞረ ነው። የሞባይል ስታንዳርድ የሚያወጣው ስሪጂፒፒ የተባለው ኅብረት መጀመሪያ ኃይል ቁጠባን፣ ጭነት ማመጣጠንንና ሃንድኦቨርን በዚህ መንገድ አጠና። እ.ኤ.አ. በ2024 ባጠናቀቀው፣ ሪሊዝ 18 በተባለው የስታንዳርዱ እትም ደግሞ በስልኩና በታወሩ መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ራሱ በሞዴል ሲታገዝ ምን እንደሚመስል ፈተሸ፤ የአንቴና ጨረር መምረጥን፣ የስልኩን ቦታ ማወቅን የመሳሰለውን።

እዚያ ጥናት ውስጥ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች የሚጠቅም ቁም ነገር አለ። በአንድ ቦታ ዳታ የተማረ ሞዴል እዚያው ጎበዝ ነው፤ ሌላ ቦታ ሲወስዱት ሊደክም ይችላል። በተለይ ቦታ የሚለየው ሞዴል የተማረበትን ሰፈር ግድግዳና ተራራ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ወይ ከብዙ ቦታ የተማረ አንድ ትልቅ ሞዴል ይሠራል፣ ወይ ለየአካባቢው ትንንሽ ሞዴሎች ተዘጋጅተው ስልኩ ሲንቀሳቀስ ይቀያየራሉ። ሁለተኛው መንገድ ለእንደኛ ዓይነቱ መልክዓ ምድር የሚስማማ ይመስለኛል። ግን አስተዳደር ይፈልጋል። የትኛው ሞዴል የት እየሠራ ነው? መቼ ተማረ? ሲበላሽ ማን ያያል? ማን ያጠፋዋል? ሲጠፋስ ወደ ድሮው አሠራር ይመለሳል ወይ?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የኃይል ቁጠባው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት የታወሩ አንዳንድ ክፍል ይተኛል፤ ነዳጅና መብራት ይተርፋል። ሞዴሉ የሚማረው ካለፈው የትራፊክ ዳታ ነው። እንግዲህ መንዝ ውስጥ ያለ አንድ ታወር መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበት ለሳምንታት ቆመ እንበል። ዳታው ላይ የሚታየው ባዶ ነው። ማሽኑ ይህን ባዶ «እዚህ ሰው አይደውልም» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ታወሩ ሲመለስ ቶሎ ቶሎ ያስተኛዋል። ሰውም ኔትወርኩ አይሠራም ብሎ መደወል ይተዋል። ሞዴሉ ደግሞ «ያልኩት አልቀረም» ይላል። አገልግሎት ያጣ አካባቢ ስላጣ ብቻ የባሰ ያጣል ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ታወሩ የቆመበት ጊዜ ከመማሪያው ዳታ ተለይቶ መውጣት አለበት። ከባድ ሥራ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

በዓልም አለ። የፋሲካ ሌሊት ጾም ሲፈታ አገሩ ሁሉ «እንኳን አደረሰህ» ይደዋወላል። ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል። የጥቂት ሳምንታት ሌሊት ብቻ ያየ ሞዴል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እንደተኛ ነው የሚያስበው።

መሥሪያ ቤትዎ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ዘርፉን ሊቆጣጠር ነው። የምለምነው ይህን ነው። ኦፕሬተሮች በኔትወርካቸው ላይ ሞዴል ሲጭኑ በየአካባቢው መዝገብ ይያዙ፤ ሞዴሉ የት እንደተማረ፣ የት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደታደሰ። የጥራት ሪፖርቱም በወረዳ ይቅረብ። በአገር አቀፍ አማካይ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መሻሻል መንዝ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የደረሰውን ጉዳት ይሸፍነዋል፤ ሪፖርት አቅራቢውም ውሸታም አይባልም። ጥራቱ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ሞዴሉ ቆሞ የድሮው አሠራር ቦታውን እንዲይዝ የሚያስገድድ መመሪያም ይውጣ። ይህ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም፤ ስሪጂፒፒም ሞዴልን መከታተልን፣ መቀየርንና ወደ ቀድሞው መመለስን የአስተዳደሩ አካል አድርጎ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአካባቢ ሞዴል የሚማረው ስልኮች የት እንዳሉ ከሚናገር ዳታ ነው። አንኮበር ውስጥ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሉበት መንደር ቢሆን፣ ስም ባይጻፍ እንኳ የማን ስልክ እንደሆነ መገመት አይከብድም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህንንም የመከታተል ኃላፊነት ለእናንተው ሰጥቷል። የመማሪያ ዳታው የት እንደሚቀመጥና ከአገር ይወጣ እንደሆነ ከሞዴሉ መዝገብ ጋር አብሮ ቢጠየቅ ሥራው አንድ ላይ ያልቃል።

መመሪያው ሲረቀቅ የሕዝብ አስተያየት መስጫ መድረክ ደብረ ብርሃን ላይም ይዘጋጅልን። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ብርሃን፣ አንድ የኔትወርክ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት