ስልክህን አንሳ

ለአብሮ አደጌ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ሥራ በዛ፣ ሰዓቱ አልገጥም አለ... ሰበቡን ታውቀዋለህ። ወቀሳውን በኋላ ታወርድብኛለህ።

ትናንት ከእህትህ ጋር በስልክ ተገናኘን። ክራርህን ለጎረቤት ልጅ መስጠትህን ነገረችኝ። እኔን እንኳ የማታስነካኝን ክራር! እሷ «ደግነቱ ነው» አለች። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ለምን መሰለህ? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አብሮኝ የሚኖር ልጅ አለ። አምና ሥራውን አጣ። መጀመሪያ እንቅልፉ ተዛባ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተወ፣ ስልክም አያነሳም። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ሲለኝ «አይዞህ፣ ጸልይ» ብዬ አልፈዋለሁ። ከዚያ ድንገት ፊቱ ፈካ። የሰው ዕዳ መለሰ፣ አዲሱን ጃኬቱን ለእኔ ሰጠኝ። ተመስገን፣ ወጣለት ብዬ ቡና አፈላሁ። ቡናው ላይ «ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» አለኝ። የጾም መያዣ አልነበረማ! ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ራስን ማጥፋት» የሚለውን ቃል ካነሳሁት ሐሳቡን እኔው የማስገባበት መስሎኝ ነበር። ባለሙያዎቹ እንዲያ አይደለም አሉኝ በኋላ፤ መጠየቅ ሰውን ያስተነፍሰዋል እንጂ አይገፋውም። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። «አዎ» አለኝ። «ኃጢአት እኮ ነው» አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት፤ አዳመጥኩት ብቻ። 988 ደወልን። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ 2022 የተጀመረ፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው የሚደውልበት፣ ሌሊትም የሚሠራ ቁጥር ነው፤ አስተርጓሚም ይጠየቃል። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አወጣሁ፤ ሌሊቱን ብቻውን አልተውኩትም። ጠዋት ሐኪም ጋ ሄድን። ዛሬ ሥራ ገብቷል፤ ሳህን ግን አሁንም አያጥብም።

እናም አንተንም በቀጥታ ልጠይቅህ። መኖር አስጠልቶሃል? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? «አዎ» ብትለኝ አልቆጣህም። ምስጢር አድርጌ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለእህትህ አብረን እንነግራታለን። «አማኑኤል» ሲባል ሰው ይሳለቃል፤ ይሳለቅ። ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበሉንም አልከለክልህም፤ ሐኪም የሚያዝልህን መድኃኒት ግን አታቋርጥም። እህትህ አብራህ ትሄዳለች።

ይህን በቴሌግራም ልኬ ወዲያው እደውላለሁ። ምናልባት ክራሩ ሰልችቶህ ብቻ ይሆናል፤ እንደ ልማድህ ሳቅብኝ። ስልክህን ግን አንሳ።