ካርታው ብቻውን ዝንቧን አይገልጻትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የሳይንስ ዓምድ ስለ ፍራፍሬ ዝንብ አንጎል የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁ። 139,255 የነርቭ ሕዋሶቿ ከነግንኙነታቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግበው መታተማቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ጸሐፊው ግን ከእንግዲህ ዝንቧ ለየትኛው ሽታ ምን እንደምታደርግ በኮምፒውተር ማስላት ብቻ እንደቀረ አድርገው መደምደማቸው አልተዋጠልኝም። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርና ንብ አናቢ ነኝ።

መስከረም ላይ ከአንድ ቀፎ የወጡ ንቦች ሲመለሱ፣ አንዷ ቢጫ የአደይ አበባ ብናኝ፣ ሌላዋ ግራጫማ የባቄላ አበባ ብናኝ በእግሯ ጭና ትገባለች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የአንጎላቸውም አሠራር ያው ነው። የተለያየው እያንዳንዷ የቀሰመችበትና የለመደችው አበባ ነው።

በዝንቧም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። 50 ያህል የሽታ መስመሮች በአንጎሏ በእያንዳንዱ ጎን፣ እንጉዳይ መሰል በሆነው ክፍል ወደሚገኙ 2,000 ገደማ ሕዋሶች ይበተናሉ። አንዱ ሕዋስ የሚያዳምጠው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ሲሆን፣ የትኞቹን እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስነው ዕጣ ነው። ስለዚህ የሙዝ ሽታ በአንዷ ዝንብ የሚቀሰቅሳቸው ሕዋሶች በሌላዋ ከሚቀሰቅሳቸው ይለያሉ። አንድ ግዙፍ ሕዋስ ደግሞ ሁሉንም ተጭኖ ስለሚይዛቸው፣ ለአንድ ሽታ የሚነቁት ከመቶ አምስት ያህሉ ናቸው። ይህን ሕዋስ ሲያግዱት ዝንቧ ተቀራራቢ ሽታዎችን መለየት ያቅታታል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ምስሎችን ለመፈለግ ይህንኑ ዘዴ ከዝንቧ ተውሰዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሽታው ይወደድ ወይም ይጠላ እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚያመጣው ሽልማትንና ቅጣትን የሚያበስረው ኬሚካል ነው፤ በዝንቧ ዋናው ዶፓሚን፣ በንቧ ደግሞ ለሽልማቱ ኦክቶፓሚን። የንብ አንጎል ተመራማሪው ማርቲን ሐመር በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ እስካሁን ያስደንቀኛል። ንቧ ሽታ ስታሸት በአንጎሏ አንዲት የነርቭ ሕዋስ ብቻ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰ። ንቧ ስኳር ሳትቀምስ፣ ቀምሳ እንደተማረች ሁሉ በኋላ ለዚያ ሽታ ምላሷን ዘረጋች። ይህንን ያላካተተ ሞዴል መስመሩን ሁሉ ቢያውቅ ምን ይፈይዳል? የራባትና የጠገበች ዝንብ እንኳ ለሆምጣጤ ሽታ እኩል አይሮጡም።

በተረፈ፣ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶግራፍ የቤት ዝንብ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ዓይኗ ቀይ፣ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ