የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ክዳን ያለው ውሃ፣ ክዳን ያለው አየር

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከላይ የቀዘቀዘ ውሃ መቼ እስከ ታች ይሰምጣል? መቼስ መንገድ ላይ ይቀራል? «የሞቀ ይወጣል፣ የቀዘቀዘ ይወርዳል» የሚለው የክፍል ትምህርት ትክክል ነው፤ ከታች ያለው ውሃ ጨው ካለበት ግን ብቻውን አያደርስም።

ገንዳው ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። መስታወቱን አስቆርጠን በሲልኮን አጣበቅነው፤ ሲልኮኑ ቀንና ሌሊት ካልደረቀ ማዕዘኑ ያንጠባጥባል። ውሃው ከዋዜማው ተቀድቶ ማደር አለበት። እንደተቀዳ ከተሠራበት የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይነሳና ቀለሙን ይዞ ሲወጣ ተማሪው ያልነበረ ጅረት ያያል።

መጀመሪያ በምግብ ቀለም የተሠራ በረዶ ጨው በሌለው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። ቀለሙ እንደ ክር እየተጎተተ ወለሉ ድረስ ወረደ። በሊትር 35 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ግን የቀለጠው ሁሉ ላይ ተንጣለለ፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨው ስለሌለው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች የገመቱት ተቃራኒውን ነበር።

ዋናው ሥራ ባለ ሁለት ንብርብሩ ነው። ለታችኛው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ለ24 ሊትር፣ 840 ግራም ጨው ይገባል። በላዩ 4 ሳንቲ ሜትር ውሃ በሊትር 34 ግራም ጨው ተደርጎ ይጨመራል። ሲጨመር በተንሳፋፊ ስፖንጅ ላይ በቀስታ ይፈስሳል፤ በጆግ ከተገለበጠ ንብርብሩ ይደባለቃል። ከዚያ በረዶ የሞላ የብረት ትሪ ውሃውን እንዲነካ ይደረጋል። የ1 ግራሙን ልዩነት ለማሸነፍ የላይኛው ውሃ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። እስከዚያ ድረስ የቀዘቀዘው ውሃ ድንበሩ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከዚያ ሰብሮ ይወርዳል። ልዩነቱ 5 ግራም ሲሆን ግን በረዶው ሁሉ ቢያልቅም ክዳኑ፣ ማለትም መስመጡን የሚያግደው ድንበር፣ አልተሰበረም።

በግሪንላንድና በካናዳ መካከል ባለው የላብራዶር ባሕር የሚሆነውም ይኸው ነው። የክረምት ነፋስ ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃው ይከብዳል፣ ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግልበጣው፣ ማለትም የላዩ ውሃ ሰምጦ ከታችኛው ጋር መደባለቁ፣ ከ2000 ሜትር አልፎ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ጨው ያነሰበት ውሃ ከሰሜን መጥቶ ላዩን ሸፈነው፤ ጥልቁ ግልበጣ ለጥቂት ክረምቶች ቆመ። በደቡብ ፈረንሳይ ባለው የሊዮን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ቀዝቃዛውና ደረቁ ነፋስ ውሃውን ሲያተንነው ጨው ይጨምርለታል፤ ሁለቱም የሚገፉት ወደ መስመጥ ነው።

አየሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። በሱሉልታ ሜዳ የበጋ ሌሊት ጥርት ሲል መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከኮረብታውም ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ይተኛል፤ በላዩ ያለው ሞቃት አየር ክዳን ይሆንበታል። ህዳር ሲታጠን ጭሱ ከጣሪያ ብዙም ሳይርቅ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። አንድ ቴርሞሜትር ከመሬት 1 ሜትር ላይ፣ ሌላውን በሮቶው ማማ ጫፍ ሰቀልን። ፀሐይ ሳትወጣ የታችኛው ይቀዘቅዛል፤ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነገሩ ይገለበጣል፣ ጭሱም ተበትኖ ይነሳል። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች አስቀድመው በበረዶ ውሃ ካልተመሳከሩ ውጤቱ አይታመንም፤ ርካሾቹ በ1 ዲግሪ ይለያያሉ። ፀሐይ እንዳይመታቸውም ነጭ የተቀባ፣ አየር የሚያሳልፍ ጥላ ያስፈልጋቸዋል።

የክረምቱ ነጎድጓድ ክዳን የሰበረ አየር ነው። ደረቅ አየር በየ1 ኪሎ ሜትር 9.8 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ይወጣል። እንፋሎቱ ደመና መሆን ሲጀምር ግን የሚለቀው ሙቀት ቅዝቃዜውን ስለሚቀንሰው ከአካባቢው አየር ሞቆ ሽቅብ ይቀጥላል፤ ጫፉ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል።

በሰሃን ያለ ስስ የዘይት ንብርብር ከታች ሲሞቅ እንዴት እንደሚገለባበጥ የሚታይበት ሙከራ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል፤ ምድጃችን ሰሃኑን እኩል አያሞቅም። ለሚረከቡት፦ የንብርብሩ ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ የመገለባበጥ ኃይሉ 8 እጥፍ ስለሚሆን ሰሃኑ በውሃ ልክ ይስተካከል። ገንዳውና ትሪው ከጨው ሥራ በኋላ ወዲያው በንጹህ ውሃ ይታጠቡ፤ ትሪው ዝጓል።