ብርዱ፣ ዝናቡና የልጆቹ ጤና

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የልጅ ልጆችሽ ቅዝቃዜው ሲገባ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚታመሙ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና እነሆ ጻፍኩልሽ።

ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም፤ ቫይረስ መኖር አለበት። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ግን በቀዝቃዛና ደረቅ አየር ዕድሜው ይረዝማል፤ ደረቁ አየርም የአፍንጫን ውስጥ አድርቆ መከላከያውን ያዳክማል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በርና መስኮት ዘግተን ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰባችን ነው። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እማዬ፣ ደራርበሽ አልብሻቸውና መስኮቱን ክፈችው። በሩንም አብረሽ ብትከፍቺው አየሩ ቶሎ ይቀየራል። ለኩፍኝ ግን መስኮት አይበቃም፤ ክትባቱን ሁለቴ መውሰዳቸውን ካርዳቸው ላይ እይልኝ። ክፍሉን ለማሞቅ ብለሽ ከሰል እንዳታስገቢ አደራ! ጭሱ ሳንባቸውን ይጎዳል፣ ሽታ የሌለው ጋዙም ይገድላል።

ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጉዳዩ የውሃ ይሆናል። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ሜዳ ላይ የከረመውን ዓይነ ምድር ጠራርጎ ምንጭና ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል። የደፈረሰውን ውሃ እስኪጠል አስቀምጪው፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልይው፣ ከዚያ አፍዪው። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን ውሃ ብዙ ሳይግል ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ድፍርሱ ላይ ክሎሪን ብትጨምሪ ኃይሉ በቆሻሻው ላይ ያልቃል።

ተቅማጥ ከያዛቸውና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ከሌለ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፤ ማንኪያው አይቆለል። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳል፣ ስኳር ከበዛ ተቅማጡን ያብሰዋል። ከ2 ዓመት በታች ላለው ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጪው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሰሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው።

ሲያስላቸው ትኩሳቱን ብቻ አትመልከቺ። ልጁ ጸጥ ባለበት ደረቱን ገልጠሽ ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም አልነቃ ካለሽ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ።

ልጅሽ