ሂሩትዬ፣ ቅዳሜ ነይልኝ

ሂሩትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? በጣም ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ወቀሳው ስንገናኝ ይደርሳል። አሁን የምጽፍልሽ ጨንቆኝ ነው።

ቤዛ ቦርንዮ ልትሄድ ነው፣ ዋሻ ልታጠና። ማሌዥያ፣ ሳራዋክ ያለው የጉኑንግ ሙሉ ፓርክ፣ አንቺ ድሮ የምታወሪልን። ማታ ማታ ሚሊዮን የሌሊት ወፍ የሚወጣበት ዋሻም እዚያው ነው አሉ። ሶፍ ዑመር አንዷ ፀጉሬን ነካችኝ ብለሽ የጮኽሽውን ጩኸት አስታውሼ ብቻዬን ሳቅኩ!

አባቷ ግን እምቢ ብሏል። በፈረንጆቹ 2018 ታይላንድ ውስጥ ጎርፍ ዋሻ የዘጋባቸውን 12 ልጆችና አሰልጣኛቸውን ያነሳባታል። «ሁሉም ወጡ እኮ» ስትለው፣ «ሊያወጣቸው ገብቶ የሞተው ጠላቂስ?» ይላታል። ምን ትመልሳለች? ጨለማውስ እሺ፣ እኔንም የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። ውስጥ ያለ ሰው የሰማዩን መጥቆር አያይም። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ወንዙን በአንዴ ይሞላዋል። እሷ እንደምትለው ውጭ ሆኖ ዝናቡን የሚከታተል ሰው ይኖራል። የመውጫ ሰዓትም ይቆረጣል፤ በሰዓቱ ካልወጡ ፍለጋ ይጀመራል። የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ የሚበቅለው፣ ሳንባ የሚያሳምመው ፈንገስስ ስላት፣ ኩሱ ደርቆ በሚቦንበት ቦታ ጭንብል አደርጋለሁ አለችኝ።

ሥራዋ ስታላግማይት ላይ ነው። ጠብታ በጠብታ የተከመረውን ድንጋይ ቆርጠው፣ ዩራኒየሙ ምን ያህል ወደ ቶሪየም እንደተለወጠ ለክተው ዕድሜውን ያወጣሉ። ከኦክስጅኑ ደግሞ የዚያን ዘመን ዝናብ ይገምታሉ። አንቺ ከመቻራ ዋሻዎች ስትመለሺ እራት ላይ የምትነግሪንን አፏን ከፍታ ስትሰማ ነው ያደገችው። እንግዲህ ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ የኔ እመቤት!

ደግሞ የፈረንጆቹን 1981 ታሪክ ስታወራ ዓይኗን ብታዪው። ሦስት እንግሊዛውያን አሳሾች እዚያው ጉኑንግ ሙሉ ውስጥ በመብራታቸው ግድግዳ እየተከተሉ ቢሄዱ ቢሄዱ ማዶው አይታይ። ኋላ ሲለካ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ400 ሜትር በላይ። አሁንም ገና ሰው ያልረገጠው መተላለፊያ አለ ትላለች። እሱን በሌዘርና በኮምፓስ እየለኩ ካርታ ያነሳሉ።

ትናንት ግቢያችን ካለው ትልቁ ባሕር ዛፍ ላይ ገመድ አስራ ስትለማመድ ዋለች። ገመዱን ነክሰው የሚይዙ ሁለት ብረቶች አሏት፤ አንዱ ደረቷ ላይ፣ አንዱ በእጇ። ቁጭ ብድግ እያለች ወጣች። የሱሉልታን ጭጋግ ታውቂው የለ፣ ከላይ ጫማዋ ብቻ ይታየኛል። መሃል ላይ ቆማ ወደ ሌላ ገመድ ልትሻገር ስትል ትንፋሼ ቆመ። እሷ ግን መጀመሪያ አዲሱን ገመድ ያዘች፣ ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተሸች፣ ከዚያ ነው የድሮውን የለቀቀችው። ቸኩላ አታውቅም ይቺ ልጅ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ከልቤ። ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል የለኝም።

አባቷ አንቺን ይሰማል። ግን፣ እንዴት ልበልሽ፣ አሳምኚልኝ እያልኩሽ አይደለም። ቤዛን አስቀምጠሽ አፋጥጫት። መሪያቸው ስንት ዓመት እዚያ ዋሻ ገብቷል? ውሃ ቢነሳ የት ከፍ ብለው ይጠብቃሉ? ሰው ቢሰበር ማን፣ ከየት ይደርስላቸዋል? መልሷ ካላጠገበሽ «አትሂጂ» በያት፤ ካንቺ ትቀበላለች። ካጠገበሽ ደግሞ ለእኔም ለአባቷም እዚያው ፊት ለፊት ንገሪን።

እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ማሳወቅ አለባት። ቅዳሜ ካልሆነልሽ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነይ። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዢና ስትቃረቢ ደውዪልኝ፣ ቤዛ አስፋልቱ ድረስ ወጥታ ትቀበልሻለች።

ያንቺው አስቴር